ስህተቱ ሲሻር ማስረጃው እንዳይሻር

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች በቅድሚያ ከሚማሯቸው ሕጎች አንዱ የተበላሸን ልኬት ከማስታወሻ ደብተር ላይ መፋቅ ክልክል መሆኑ ነው። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የስህተቱ መነሻ የሚታወቀው ከእርሱ ነውና። ይኸው ሕግ በዳታቤዝ ሰርቨር ላይም ይሠራል። ነገር ግን ባለማወቅ በቀላሉ ይጣሳል። እንዴት?

አንድ ደንበኛ ከሂሳቡ 1000 ብር ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ ያስተላልፋል እንበል። ሥራው ሁለት እርምጃዎች አሉት፤ ከአንዱ መቀነስና በሌላው ላይ መደመር። በመካከል ስህተት ቢፈጠር ገንዘቡ የትም ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ እርምጃዎች ትራንዛክሽን በተባለ አንድ ጥቅል ይታሰራሉ፤ ወይ ሁለቱም ይጸናሉ፣ ወይ ሮልባክ በሚባለው ትእዛዝ ሁለቱም ተሽረው ሁኔታው ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. እትም ጀምሮ፣ ስህተትን የሚይዙት ትራይ እና ካች የተባሉት ክፍሎች ናቸው። ዋናው ሥራ በትራይ ውስጥ ይጻፋል፤ ስህተት ሲከሰት ሰርቨሩ ወደ ካች ይዘላል። በዚያም የስህተቱን ቁጥር፣ መልእክት፣ የክብደት ደረጃና መስመር ማወቅ ይቻላል። ለምሳሌ ቁጥር 8134 በዜሮ ማካፈልን ያመለክታል። ቁጥር 1205 ደግሞ ሁለት ሥራዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ተቆላልፈው ሰርቨሩ አንዱን እንዳቋረጠ ይናገራል። ግንኙነቱን ራሱን የሚቆርጡ ከባድ ስህተቶች ግን ወደ ካች አይደርሱም፤ የሚፈለጉት ሰርቨሩ በራሱ ከሚጽፈው የስህተት መዝገብ ነው።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ባለሙያ በካች ውስጥ የስህተቱን ዝርዝር በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይመዘግብና ቀጥሎ ሮልባክ ያዝዛል። ሮልባክ ግን የገንዘቡን ለውጥ ከስህተቱ ማስታወሻ አይለይም፤ በትራንዛክሽኑ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ይሽራል። ገንዘቡ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ስህተቱ ስለ መፈጠሩ ግን ምስክር አይኖርም። በማግስቱም ያው ስህተት ይደገማል።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው። በመጀመሪያ ሮልባክ፣ ከዚያ ምዝገባ። የስህተቱ ቁጥርና መልእክት ካች እስኪያበቃ ድረስ ስለሚቆዩ በመዘግየት የሚጠፋ ነገር የለም። በመጨረሻም ስህተቱን ሥራውን ላዘዘው ፕሮግራም ማሳወቅ ይገባል፤ አለበለዚያ ደንበኛው ገንዘቡ የተላለፈ ይመስለዋል። አባቶች እንዳሉት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።