ቁጥር መስሎ የሚታይ ስም

በሳንሱሲ፣ በአምቦ መንገድ በኩል ባለችው ቢሮዬ ተቀምጬ የማኅበራትንና የድርጅቶችን መዝገብ ከኮድ እያወጣሁ ወደ ኤክሴል በማሻገር የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ፣ ዘወትር የሚያሳስበኝ የሒሳቡ ስሌት ሳይሆን፣ በኮዱ ውስጥ ምሉዕ ሆኖ የቆየው ጽሑፍ ሰንጠረዡ ውስጥ ሲገባ መልኩ እንዳይለወጥ መጠበቁ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የአንድ ደመወዝተኛ መስመር ትበቃለች። ስልኩ በ09 ይጀምራል፤ የግብር ከፋይ መለያው 10 አኃዝ ሲሆን ብዙ ጊዜ በ00 ይጀምራል፤ የንግድ ባንክ ሒሳቡ 13 አኃዝ፣ በካርዱ ላይ የታተመው የፋይዳ ቁጥሩ ደግሞ 16 አኃዝ ነው። ይህች መስመር በሲኤስቪ፣ ማለትም በኮማ በተከፋፈለ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ወጥታ በኤክሴል በተከፈተች ጊዜ ስልኩና የግብር መለያው የፊት ዜሮዎቻቸውን ያጣሉ፤ የባንክ ሒሳቡም በሳይንሳዊ አጻጻፍ ታጥፎ ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የፋይዳው ነው፤ ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ በትክክል መያዝ ስለማይችል 16ኛውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። ዜሮው የጎደለ ስልክ በማጠሩ ይታወቃልና ይታረማል፤ ይህ ግን ርዝመቱ ሳይጓደል የተበላሸ ስለሆነ ዓይን አይይዘውም፤ ፋይሉም እንዲሁ ከተቀመጠ የጠፋው አኃዝ ከዚያ ፋይል ዳግመኛ አይገኝም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ ማስረጃ የሆነ መታወቂያ በዚህ አኳኋን የሌላ ሰው ወይም የማንም ያልሆነ ቁጥር ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠራችንም ከዚህ አያመልጥም፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ሲባል 5/13/2016 ተብሎ የተጻፈው፣ በአሜሪካ አቀማመጥ በተሰናዳ ኮምፒዩተር ላይ ሜይ 13 ሆኖ ይነበባል።

የዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው፤ መሣሪያው አኃዝ ያየበትን ሁሉ ለስሌት የቀረበ አድርጎ ይገምታል፣ እነዚህ ግን በአኃዝ የተጻፉ ስሞች ናቸው፤ ስልክን ከስልክ ጋር የሚደምር የለምና። የባሕር ማዶ ሊቃውንት ‘ማርች1’ እና ‘ሴፕት1’ የተባሉ ጂኖች በኤክሴል ወደ ቀን እየተለወጡ ቢያስቸግሯቸው፣ በ2020 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የጂኖቹን ስም ራሱን እስከ መለወጥ ደረሱ። እኛ ግን የዜጋን መታወቂያ ለመሣሪያው ምቾት ብለን ልንለውጥ አይገባንም። የአገራችን ቁም ጸሐፊ መዝሙረ ዳዊትን ሲጽፍ ስንኙ ከመስመሩ ቢተርፍ፣ የተረፈውን ቃል ከበላዩ ወይም ከበታቹ ያሰፍረዋል እንጂ ለቦታው ሲል ቃሉን አያሳጥርም፤ ከእኛም የሚፈለገው ይኸው ጥንቃቄ ነው።

መድኃኒቱም በኮድ ጸሐፊው እጅ ነው። በፓይተን የሚሠራ ሰው መዝገቡን በፓንዳስ ሲያነብ እነዚህን ኮለሞች ከመነሻው ጽሑፍ ብሎ ያውጅ፤ በሲኤስቪ ፈንታ እውነተኛ የኤክሴል ፋይል ይጻፍ፤ ሴሎቹንም በጽሑፍ ፎርማት ያዘጋጃቸው። በሲኤስቪ ውስጥ አኃዙን በትእምርተ ጥቅስ ማጠር አይጠቅምም፤ ኤክሴል ጥቅሱን አውልቆ ያው ቁጥር ያደርገዋል። ከመላኩም በፊት ፋይሉን መልሶ ከፍቶ እያንዳንዱን መለያ ከምንጩ ጋር አኃዝ በአኃዝ ያስተያይ፤ ርዝመትን ብቻ መቁጠር አይበቃም።

ፋይሉን የምትቀበሉ የሒሳብ ሠራተኞችም፣ በሴሉ የግራ ማዕዘን አረንጓዴ ምልክት ታይታ ጽሑፉን ወደ ቁጥር እንድትለውጡት ብትጋብዛችሁ፣ እባካችሁ እንዳለ ተዉት።