ሕመም የሌለው እብጠት ሁሉ ቀላል አይደለም

ብጉንጅ ሲወጣ ያማል፣ ያቃጥላል፣ መግል ቋጥሮም ይፈነዳል። ጠንከር ያለ እብጠት ግን ምንም ሳያም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እያደገ ከሄደ ችላ ሊባል አይገባም። ከእነዚህ አንዱ የመርክል ሴል ካንሰር ነው። እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም ከቆዳ ካንሰሮች መካከል ፈጥነው ከሚሰራጩት ይመደባል።

ስያሜው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ መርክል እ.ኤ.አ. በ1875 ከገለጻቸው የቆዳ ህዋሳት የመጣ ነው። እነዚህ ህዋሳት ከነርቭ ጫፎች ጋር ተገናኝተው ንክኪን እንድንለይ ይረዱናል።

መንስኤው ምንድን ነው?
እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዕጢው ውስጥ አንድ የፖሊዮማ ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ በብዙ ጤነኞች ቆዳ ላይም ስለሚገኝ ታማሚን መንካት አያስፈራም። ሌላው መንስኤ ለዓመታት የተጠራቀመ የፀሐይ ጉዳት ነው። ይበልጥ የሚያጠቃው ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑና ቆዳቸው ነጣ ያለ ሰዎችን ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና ኩላሊት ተተክሎላቸው የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱም ይበልጥ ይጋለጣሉ። መድኃኒቱን ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ወደ ንፍፊት እንዴት ይደርሳል?
በሰውነታችን ውስጥ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች ይዘዋወራል። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያሉት ዕጢዎች ፈሳሹን ያጣራሉ። ከቆዳው የተላቀቁ የካንሰር ህዋሳት በመጀመሪያ የሚያርፉት ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ላይ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ምንም ባይገኝም፣ ናሙና ሲመረመር ከሦስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ካንሰሩ ዕጢው ውስጥ ደርሶ ይገኛል። ሐኪሞች ዕጢውን የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

ሕክምናው
ቀዶ ሕክምናና ጨረር ዋነኞቹ ናቸው። ለተሰራጨው ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው አቬሉማብ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ምን ያድርጉ?
ለውዱእ ፊትዎን፣ ክንድዎንና እግርዎን ሲያጥቡ አዲስ እብጠት መኖሩን ያስተውሉ። ካለ አይፍረጡት፣ አያስተኩሱት፣ ቅባትም በግምት ገዝተው አይቀቡ። ፋርማሲ ቢመጡ የምንመክርዎ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ነው፤ ምንነቱ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ብቻ ነውና። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ሆኖም ንፍፊት ሳይደርስ የተገኘ ካንሰር የመዳን ዕድሉ የሰፋ ስለሆነ ቀጠሮዎን አያዘግዩ።