«ዜሮ» የተባለው ቁጥር ከየት መጣ?

ዓለም ገና የምንኖር ልጆች የጤና ወሬ የሚደርሰን እንደማንኛውም ሰው በስልክ ነው። «በዓመት 2 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ የኤች አይ ቪ መከላከያ መርፌ ተገኘ» የሚል ዜና ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ግማሹ ሼር ያደርጋል፤ ግማሹ ደግሞ «አሁንስ ምን ሊወጉን ነው?» ይላል። በሁለቱም አልፈርድም። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ግን ሌላ ነው፦ መሥራቱ በምን ታወቀ?

መርፌው ሌናካፓቪር ይባላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው «ፐርፐዝ 1» በተባለ ሙከራ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ከ5,300 በላይ ሴቶች ተሳትፈዋል። መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም። ዜሮ!

እሺ፣ ይህን ዜሮ ማን ቆጠረው? ላብራቶሪው ነዋ! ደም ሲቀዳ ቱቦው ላይ መለያ ቁጥርና ሰዓት ይጻፋል። በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ይለያል፤ ለኋላ የሚፈለገው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ይቀመጣል። የፍሪዘሩ ሙቀት በየዕለቱ ይመዘገባል። መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተር መነሳት አለበት፤ ይህንን ለእኛ ሰፈር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ማሽኑ የተሳታፊዎችን ደም ከመመርመሩ በፊት ውጤቱ የሚታወቅ ናሙና ይሰጠዋል፤ እሱን ከሳተ ሥራው ይቆማል። በየጊዜው ደግሞ መልሱን ላኪው ብቻ የሚያውቀው ናሙና ከውጭ ይመጣል። ላብራቶሪም እንደ ተማሪ ይፈተናል፣ ይታረማል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንደኛው አይፕሬክስ የተባለው የመከላከያ ክኒን ሙከራ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በ6 አገሮች ከተመዘገቡት 2,499 ሰዎች 110ሩ ቫይረሱ ተገኘባቸው። የመጀመሪያ ቀን ደማቸው እንደገና ሲመረመር ግን 10ሩ ሲመዘገቡም ተይዘው ነበር፤ ፈጣኑ ምርመራ ገና ሊያየው አልቻለም ነበር። ያ ደም በደንብ ባይቀመጥ ኖሮ እነሱም በሙከራው ጊዜ እንደተያዙ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር።

ሁለተኛው «ቮይስ» ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 5,029 ሴቶች ክኒን ወይም ጄል ተሰጥቷቸው ነበር። ሲጠየቁ 90 በመቶ ያህል በትክክል እንደወሰዱ ተናገሩ። ደማቸው ሲመረመር ግን መድኃኒቱ የተገኘው ከ10 ናሙና በ3ቱ ገደማ ብቻ ነው። ሙከራው መከላከል አለመቻሉን አሳየ። ላብራቶሪው ባይኖር ሁላችንም «መድኃኒቱ አይሠራም» ብለን እናልፈው ነበር።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ከ1997 ጀምሮ የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን በየ6 ወሩ ደማቸውን እየመረመረ ተከታትሏል። ጥናቱ የመድኃኒት ሙከራ አልነበረም፤ ለሙከራ የሚያስፈልግ አንድ ትልቅ ነገር ግን አሳየን። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ከጤነኛ ሆላንዳውያን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ሰው መለኪያ ብንለካ ጤነኛው ሰው «በሽተኛ» ሊባል ነው። ይህንን ያወቅነው እነዚያ ሠራተኞች ክንዳቸውን ስለሰጡ፣ ላብራቶሪውም ደማቸውን በአግባቡ ስለያዘ ነው።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ዓለም ገና የጅማና የቡታጅራ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት። ከባድ መኪና ያድርባታል፤ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ሞልተውባታል። ጥናት የሚፈልገውም፣ መከላከያ የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «ተሳተፉ» ብትባሉ «ደማችንን ሊሸጡት ነው» ብላችሁ አትሽሹ፤ ዝም ብላችሁም አትፈርሙ። ጠይቁ፦ ደሜ የት ይመረመራል? ላብራቶሪውን ማን ይፈትነዋል? ናሙናዬ እስከ መቼ ይቀመጣል? ውጤቴን ማን ይነግረኛል? ልውጣ ካልኩስ? የመጨረሻውን መልስ ልንገራችሁ፤ በፈለጋችሁ ጊዜ መውጣት መብታችሁ ነው።

ለጥናት ሳይሆን ለራሳችሁ ስትመረመሩም ሁለት ነገር ያዙ። በአገራችን በአንድ ፈጣን ምርመራ ብቻ «አለብህ» አይባልም፤ በሌላ ዓይነት ምርመራ ይረጋገጣል። የትናንቱም ነገር በዛሬ ምርመራ ላይታይ ይችላል። ባለሙያው «በዚህ ቀን ተመለሺ» ካለሽ፣ ተመለሺ።