የጠፋ ሰው ታሪክ በተከታታይ ትረካ፤ የተራኪውና የአድማጩ ኀላፊነት

ስለ ልብ ሰቀላ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ ዘወትር የምጠቅሳቸው ምሳሌዎች ከልቦለድ የተወሰዱ ናቸው። ባለፈው ዓመት ግን ከልማዴ ወጣ ብዬ፣ ልቦለድ ያልሆነ አንድ ተከታታይ የድምፅ ትረካ ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። በዚያ ዕለት ያጋጠመኝ ነገር ይህን አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ገፋፍቶኛል። የጽሑፉም ዓላማ የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ የሚከታተሉ ትረካዎች እንዴት እንደሚዋቀሩ፣ አወቃቀራቸውም በተራኪውና በአድማጩ ላይ ምን ኀላፊነት እንደሚጥል ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖድካስት የሚባለው የትረካ ዓይነት ለእኛ አድማጭ በመሠረቱ እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ሰው፣ ታሪክ በክፍል በክፍል ተቆርጦ ሲቀርብ የሚፈጥረውን ጉጉት ያውቀዋል። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፖድካስት የጣቢያ ሰዓት ሳይጠበቅ አድማጩ በፈቀደው ጊዜ በስልኩ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ያልተፈታ ወንጀል የሚተርክ ሰው የታሪኩን መጨረሻ ራሱም አያውቀውም። የልቦለድ ደራሲ ምስጢሩን እያወቀ ይደብቃል፤ የጠፋ ሰው ታሪክ ተራኪ ግን ምስጢሩን ከአድማጩ ጋር አብሮ ይፈልጋል።

ለምሳሌነት የመረጥሁት «ዮር ኦውን ባክያርድ» ነው፤ «የገዛ ጓሮህ» እንደ ማለት ነው። ክሪስቲን ስማርት በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ከተማ በሚገኘው የፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሜይ 25 ቀን 1996፣ በ19 ዓመቷ፣ ከግቢ ውጭ ከነበረ ግብዣ በሌሊት ወደ መኝታዋ ስትመለስ ጠፋች። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ፖል ፍሎሬስ ከተባለ ተማሪ ጋር ነበር። የግቢው ፖሊስ ምርመራ ዘገየ ተብሎ ስለ ተወቀሰ፣ በ1998 በስሟ የሚጠራ የካሊፎርኒያ ሕግ ወጣ፤ ኮሌጆች ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ከአካባቢው ፖሊስ ጋር የሚኖራቸውን የሥራ ድርሻ በጽሑፍ እንዲወስኑ የሚያዝ ነው። በ2002 በሕግ እንደ ሞተች ተቈጠረች፤ ጉዳዩ ግን አልተፈታም።

ትረካውን በ2019 የጀመረው ክሪስ ላምበርት የተባለ የዚያው አካባቢ ሙዚቀኛ ነው። ጋዜጠኛም መርማሪም አልነበረም። ለሥራው ያነሣሣው በመንገድ ዳር የቆመ፣ የልጅቷን ሥዕል የያዘ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። የትረካው ኀይልም ከዚህ ይመነጫል። መቼቱ የተራኪው የራሱ ሰፈር ነው፤ የትረካ አንጻሩ አንደኛ መደብ ሲሆን፣ ይህ «እኔ» ከሩቅ የመጣ ታዛቢ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ስለዚህ አድማጩ ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ያላወቀው ምስክር ሊሆን ይችላል። በእኛ ሀገር፣ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ያየ የሰማውን እንዲያወጣ የሚገደድበት አውጫጭኝ የሚባል የቆየ ልማድ ነበር። ፖድካስቱ ማንንም አያስገድድም፤ ያም ሆኖ ሰፈሩን ሰብስቦ «የምታውቀውን ተናገር» በማለቱ ከዚህ ልማድ ጋር ይዛመዳል። በእርግጥም ቀድሞ ያልተናገሩ ሰዎች ተናገሩ፤ ትረካው ለምርመራው መርዳቱን የካውንቲው ሸሪፍ በይፋ ገልጿል። በኤፕሪል 2021 ፍሎሬስ በግድያ፣ አባቱም ወንጀሉን በመሸፈን ተጠርጥረው ተያዙ።

እኔም በክፍል ውስጥ ታሪኩን እስከዚህ ድረስ አቅርቤ ቆምሁና፣ «ልጁ ጥፋተኛ ነው የምትሉ እጃችሁን አንሡ» አልሁ። ሁሉም አነሡ። «አባቱስ?» ስል አሁንም ከሦስት ተማሪዎች በቀር ሁሉም አነሡ። እኔ መምህር በመሆኔ እጄን አላነሣሁም እንጂ፣ በልቤ ከብዙዎቹ ጋር ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገርኋቸው። ታሪኩ በአካባቢው እጅግ በመሰራጨቱ ችሎቱ ወደ ሞንተሬይ ካውንቲ ተዛወረ። ለሁለቱ ተከሳሾች ሁለት የተለያዩ የዳኞች ጉባኤዎች በአንድ ችሎት ተቀመጡ። ኦክቶበር 18 ቀን 2022 ልጁ በአንደኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ በማርች 2023ም ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። አባቱ ግን ጥፋተኛ አይደለም ተብሎ ነፃ ወጣ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ተማሪ፣ «ታዲያ መምህር፣ እጃችንን ያስነሣን ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የጽሑፌ እምብርት ነው። እጃችንን ያስነሣን ማስረጃ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ቅርጽ ነው። ልብ ሰቀላ የተንጠለጠለው ሁሉ እንዲወርድ፣ የተጀመረው ሁሉ እንዲዘጋ ያስመኛል። በሴራ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ድርሻ ሊኖረው ይገባል ብለን እንጠብቃለን። ፍርድ ቤት ግን ሴራው መሙላቱን አይጠይቅም፤ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጡን ይጠይቃል። ችሎቱ ከአካባቢው መራቁም ይህንኑ ያስረዳል፤ ትረካውን ያበረታው የሰፈር ቅርበት ለፍርድ እንቅፋት ይሆናል ተብሎ ተሠግቷልና።

በመጨረሻ አንዲት ተማሪ፣ «ልጅቷስ ተገኘች?» አለች። እኛ ስለ ጥፋተኛው ስንከራከር የጠፋችውን ረስተናት ነበር። ፍርዱ በተሰጠ ጊዜም አስከሬኗ አልተገኘም ነበር፤ ወላጆቿ የሚቀብሩት አልነበራቸውም።

ለማጠቃለል፣ የዚህ ዓይነቱ ትረካ ዋጋ ዝም ያለውን ማናገሩ ነው፤ አደጋውም ያልተረጋገጠውን እንደ ተፈጸመ አድርጎ መዝጋቱ ነው። ስለዚህ ተራኪው የሚያውቀውን ከሚጠረጥረው ለይቶ መናገር፣ አድማጩም ጉጉቱን ከማስረጃ ለይቶ መመዘን ይጠበቅበታል። በልቦለድ ያልተዘጋ መጨረሻ የደራሲው ምርጫ ነው። በጠፋ ሰው ታሪክ ግን ያልተዘጋው የአንድ ቤተሰብ ቤት ስለ ሆነ፣ ለታሪክ ማማር ሲባል ሊዘጋ አይገባውም።