የማቀዝቀዣው ጤዛ ወዴት ይፍሰስ?



እንደ ሊሙ ገነት ባለ ወይና ደጋ ከተማ የአየር ማቀዝቀዣ የመኖሪያ ቤት ዕቃ አይደለም። ቢተከል መድኃኒት በሚቀመጥበት ክፍል፣ በላቦራቶሪ ወይም በኮምፒውተር ክፍል ነው። እነዚህ ደግሞ ውሃ ፈጽሞ የማይፈለግባቸው ክፍሎች ናቸው። ገዢው ስለ ቅዝቃዜው ዋጋ አጥብቆ ሲከራከር አያለሁ፤ መሣሪያው ስለሚያወጣው ውሃ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ውሃው ከየት ይመጣል? ማለዳ በቡና ቅጠል ላይ የምናየውን ጤዛ አስቡ። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር 14 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ከ9 ግራም ብዙም የሚበልጥ አይችልም። ትርፉ ይንጠባጠባል። በተለምዶ 12,000 ቢቲዩ የሚባለው መሣሪያ ከጉልበቱ ሩቡን በዚህ ሥራ ላይ ቢያውል፣ በሰዓት 1.3 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ግማሽ ጀሪካን መሆኑ ነው።

ግማሽ ጀሪካን ጥቂት ይመስላል። ይሁንና በአካባቢያችን ብዙው ግድግዳ የእንጨትና የጭቃ ነው። ከዝናቡ ክፍክፉ ይከላከልለታል፤ ከግድግዳው መሐል ተንጠልጥሎ በየቀኑ አንዲት ቦታ ላይ ከሚያንጠባጥብ ቱቦ ግን የሚከላከልለት የለም። ምርጊቱ ይረግፋል፣ የማገሩ እግር ይበሰብሳል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የቡና መጋዘን ካለ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጥሬ ቡና በደህና የሚቆየው እርጥበቱ ከ12 በመቶ ገደማ ሳያልፍ ነውና። ከዚያ በላይ ሻጋታ ይከተላል፤ የታጠበ ሊሙ ቡና ስሙን ያገኘበት ጣዕምም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት የውሃው መንገድ በወረቀት ላይ ይሣል። ቱቦው በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ በውሃ ልክ ይለካ። መሐሉ ላይ ሆድ ካበጀ ውሃው እዚያ ይተኛል፣ አቧራና አተላ ይዘጋዋል፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በኮርኒስ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ይሸፈን፤ አለበለዚያ ቱቦው ራሱ ያልበዋል። መጨረሻው ከመሠረቱ የራቀ፣ በጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የአካባቢያችን ቀይ አፈር ውሃ በደንብ ያሰርጋል።

ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር በቀጥታ ማገናኘትን አልደግፍም። ሲፎን ቢደረግለት እንኳ መሣሪያው ለሳምንታት ሲጠፋ በሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቃል፣ ሽታውም ወደ መድኃኒቱ ክፍል ይገባል። ባልዲ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም። በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በድሬዳዋ የተነሣው የደንጊ ወረርሽኝ አስተላላፊ የሆነችው ትንኝ የምትራባው በቤት አካባቢ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ውሃው ኩልል ቢልም ለመጠጥ አይሆንም፤ የቱቦውን አቧራና ጀርም አጥቦ የመጣ ነው።

ተካዩ ሥራውን ሲያስረክብ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት አንድ ሊትር ውሃ በመሣሪያው መቀበያ ሳህን ላይ እንዲያፈስስ ጠይቁት፤ እናንተም ውጭ ቆማችሁ የት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ሊትሩ በሙሉ ሳይወጣ ክፍያውን አትፈጽሙ።