ውርጩ ሳይቀልጥ፦ ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት በስሜን ተራሮች

በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ እንደሆነ፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በጨነቅ አካባቢ ያለው ጓሳ ማለዳ ነጭ ለብሶ ይታያል። ከውጭ የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ በረዶ የጣለ ይመስለዋል። የደጋው ገበሬ ግን ውርጭ ይለዋል፤ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን የአየሩ እርጥበት ቅጠልና አፈር ላይ የረጋ ነውና። ለጎብኚ ውበት የሆነው ይኸው ውርጭ ለባቄላና ዘግይቶ ለተዘራ ገብስ ጠላት መሆኑንም ገበሬው ያውቃል። በእነዚህ ተራሮች ላይ ብስክሌት ለመንዳት ለሚያስብ ሰው፣ በረዶና ውርጭን መለየት የጎማውን ንፋስ፣ የመንገዱን ምርጫና የመነሻውን ሰዓት ሳይቀር ይወስናል።

ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት የተሠራው ለሌላ ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። በአላስካ እ.ኤ.አ. በ1987 ውሾች ተንሸራታች ጋሪ በሚጎትቱበት የበረዶ መንገድ ላይ የብስክሌት ውድድር ተጀመረ። ቀጭኑ ጎማ በረዶው ውስጥ እየሰጠመ ቢያስቸግራቸው ጊዜ ጋላቢዎቹ ሁለት ቸርኬ ጎን ለጎን በብየዳ እስከ ማጋጠም ደረሱ። ሱርሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ፐግስሊ የተሰኘውን ብስክሌት ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነገሩ ከጥቂት ሰዎች ሙከራ ወጥቶ በየአገሩ ተሠራጨ።

የተለመደው የተራራ ብስክሌት ጎማ ስፋት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ የዚህኛው ከ9 እስከ 12 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሆኖም ዋናው ነገር የሚነፋው አየር ነው። ጎማ መሬትን የሚጫነው በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ጋር በተቀራረበ መጠን ነው። የአስፋልት ውድድር ብስክሌት ጎማ በስኩዌር ኢንች ከ80 እስከ 100 ፓውንድ ድረስ ሲነፋ፣ ወፍራሙ ጎማ በበረዶ ላይ ከ10 ፓውንድ በታች፣ አንዳንዴም 5 ብቻ ይበቃዋል። ትራክተር እርጥብ ማሳ ሲገባ የጎማው ንፋስ የሚቀነሰው አፈሩ እንዳይጠቀጠቅ ነው፤ ብልሃቱ አንድ ነው።

ስሜን በረዶ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአዱሊስ የገለበጠው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ስለዘመተ አንድ ንጉሥ ሲናገር ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ መኖሩን ያወሳል። ዛሬም በራስ ዳሽንና በቧሂት አናት ላይ በረዶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ከክረምቱ ዝናብ ጋር መጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል። ስሕተቱ የሚጀምረው የአውሮፓው የቅዝቃዜ ወራት "ክረምት" ተብሎ ሲተረጎም ነው። እነርሱ በረዶ በሚጠብቁበት በታኅሣሥ እዚህ በጋ ነው፤ ደመና የለም፣ ደመና ከሌለ በረዶም አይጥልም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በረዶው ከጉምና ከጭቃ ጋር ይመጣል።

ስለዚህ በስሜን ጋላቢውን የሚፈትነው የበረዶው ጥልቀት ሳይሆን የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ነው። ሌሊት በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሲረጋ ያብጥና የአፈሩን ቅንጣት ወደ ላይ ያነሣል። ረፋድ ላይ ሲቀልጥ የላይኛው ገጽ እንደ ሊጥ ይላላል። በዚያን ሰዓት ሰፊውም ጎማ ቢሆን መስመር ይተዋል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የተያዘ የኋላ ጎማ ደግሞ አፈሩን እንደ ማረሻ ይቀደዋል። ያ መስመር በቀጣዩ ክረምት የጎርፍ መሄጃ ይሆናል፣ አፈሩም ከታች ወዳለው የገብስ ማሳና ወደ ተከዜ ይወርዳል።

ሌላው ጉዳይ ከፍታው ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የቧሂት ማለፊያ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የውጭው አየር ስለሚሳሳ በጎማው ውስጥ ያለው ጎልቶ ይገፋል። ጎንደር ላይ 6 ፓውንድ የተነፋ ጎማ ቧሂት ሲደርስ፣ ብርዱ ጥቂት ቢቀንሰውም፣ ከ7 ያልፋል። በአስፋልት ጎማ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ በወፍራሙ ጎማ ግን ከስድስት አንድ እጅ በላይ ነውና ልኬቱ እዚያው ተራራው ላይ መደገም አለበት። የሰውም ሳንባ እንዲሁ ነው፤ በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በሳንቃበር አንድ ሌሊት ማደር ከዚህ የተነሣ ይመከራል።

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የሚወርደው የጠጠር መኪና መንገድ ለብስክሌት የሚመቸው እርሱ ነው። በገደሉ አፋፍ የሚሄዱት የእግር መንገዶች ግን የዋልያና የጭላዳ መዋያ ናቸው፤ ብስክሌት ባይገባባቸው ይመረጣል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊትም በደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ማማከር ይገባል።

የፓርኩ ጎብኚ ከስካውት ጋር ነው የሚጓዘው። ስካውቱ በእግሩ፣ ጋላቢው በጎማ ሲሆን ቁልቁለቱ ላይ መለያየት ይመጣል። በቅሎ ጫኙ፣ መንገድ መሪውና ምግብ አብሳዩ ደግሞ የዓመቱን ገቢ ከጥቅምት እስከ የካቲት ካለው የጎብኚ ወቅት የሚጠብቁ የደባርቅና የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ብስክሌተኛ ዕቃውን በጀርባው አዝሎ በአንድ ቀን ሽው ብሎ ካለፈ ለእነርሱ የሚተርፋቸው ነገር የለም። ዕቃው በበቅሎ ቢጫን፣ ብስክሌተኛውም በየሰፈሩ እያደረ የበቅሎውን እርምጃ ቢጠብቅ ግን ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ለከፍታው መላመጃም ጊዜ ይገኛል።

የመነሻው ሰዓት ንጋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። መሬቱ ገና እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ጎማውም ምልክት የማይተውበት ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጓሳው ላይ ያለው ነጭ ሲጠፋና አፈሩ ጫማ ላይ መጣበቅ ሲጀምር፣ ከብስክሌቱ ወርዶ በጠጠሩ ዳር እየገፉ መሄድ ነው።