ቦሌ ላይ ነፋስን ፊት ለፊት መውጣት

ጎሮ አካባቢ የሚኖር ሰው ልማዱን ያውቀዋል። አንዳንድ ቀን አውሮፕላኖቹ እያገሱ ወደ እሱ ሲወጡ ይውላሉ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጎማቸውን ዘርግተው፣ ዝቅ ብለው በዚያው በኩል ይገባሉ። የአብራሪዎቹ ምርጫ ይመስላል እንጂ ወሳኙ በአብዛኛው ነፋሱ ነው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት መንደርደሪያዎች ጎን ለጎን፣ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብለው ተዘርግተዋል። ጫፍና ጫፋቸው ላይ የተጻፉት 07 እና 25 የኮምፓስ አቅጣጫዎች ናቸው፦ 70 እና 250 ዲግሪ፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ተቆርጣ። በበጋ ወራት አዲስ አበባ ላይ የሚያይለው የምሥራቅ ነፋስ ነውና አቀማመጡ ይስማማዋል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ መነሻው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጎሮ ነው፤ ሲዞር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሳሪስ።

ክንፍ ጉዳዩ ከአየሩ ጋር ነው፤ መሬቱን አያውቀውም። ለመነሣት በሰዓት 325 ኪሎ ሜትር የአየር ፍጥነት የሚፈልግ አውሮፕላን የ20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊቱ ቢነፍስለት፣ መሬት ላይ 305 ከሮጠ ይበቃዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የመንደርደሪያው ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ቁጠባው 12 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያው ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ርቀቱ 13 በመቶ ያህል ይረዝማል። ደንቡ ግን ነፋስን እንዲሁ አያምንም፤ ለመነሻ ስሌት የፊት ነፋስ ከግማሹ በላይ አይታሰብም፣ የኋላው ግን ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ቦሌ ላይ ከሌላው ቦታ የሚብሰው በከፍታው ምክንያት ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነ ቀን አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ በ280 የሚነሣ አውሮፕላን ቦሌ ላይ 325 ያህል መድረስ አለበት፤ የሚገፋው ሞተርም በሳሳው አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። ለጄት ረጅም ሜዳ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 ቦይንግ 720ቢ ሲያስመጣ አሮጌው የልደታ ሜዳ አልበቃ ብሎ ቦሌ ተሠራ።

አውሮፕላኑ ከመሬት ከተለቀቀ በኋላስ ምን ያህል ቀና ይበል? እዚህ ላይ የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪዎች የሚያውቁት ነገር ይረዳናል። የሸራ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠም አይችልም፤ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባው ይቆማል። ወደ ነፋሱ የሚሄደው በሰያፍ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ነው። ጥያቄው በስንት ዲግሪ የሚለው ነው። ለምሳሌ፣ ከነፋሱ 40 ዲግሪ ሲሸሽ በ5 ኖት የሚሄድ ጀልባ ወደ ነፋሱ የሚያተርፈው 3.8 ኖት ነው። ትንሽ ለቀቅ አድርጎ በ45 ዲግሪ 5.6 ኖት ቢያወጣ ትርፉ ወደ 4 ይጠጋል። በ50 ዲግሪ 5.9 ኖት ቢሮጥ ግን ተመልሶ 3.8 ይሆናል። በጣም የሚጠጋውም በጣም የሚፈጥነውም ይሸነፋል።

አብራሪም ሁለት ፍጥነቶች አሉት። አንዱ በአጭር ርቀት ብዙ ከፍታ የሚሰጥ፣ ሌላው በአንድ ደቂቃ ብዙ ከፍታ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ፈጠን ይላል። እንቅፋት ቅርብ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ካልሆነ ሁለተኛው ይመረጣል። የፊት ነፋስ ከመሬት ሲታይ አወጣጡን ያቀናዋል እንጂ በደቂቃ የሚገኘውን ከፍታ አይጨምርም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ረጅም መንደርደሪያ ሲኖር የሚሠራበት ዘዴ ነው። ባለ ሁለት ሞተር ጄት አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ፣ ጎማውን ሰብስቦ፣ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር የመውጣት አቅም እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል። ቦሌን በመሰለ ከፍታ ክብደቱን የሚገድበው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ታዲያ ሜዳ ከተረፈ አብራሪው ቶሎ ከመነሣት ይልቅ ይቆያል፤ የተረፈውን ሜትር ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር አንግሉም ይሻሻላል፤ ሸራውን ለቀቅ ያደረገው ተወዳዳሪ ያገኘው ትርፍ ነው። ወሰኑን የሚያበጀው የሜዳው ርዝመትና ጎማው የሚችለው ፍጥነት ነው።

ይህም ሆኖ ዋጋው በጭነትና በነዳጅ ይከፈላል። ከዋሽንግተን የሚነሣ አውሮፕላን ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከቦሌ ወደዚያ የሚሄደው ነዳጅ ለመቅዳት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ሲያርፍ ኖሯል። ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከቦሌ መነሣት ይከብዳል፤ ከፍ ባለው ሰማይ ላይም ከምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከፊት ይገጥመዋል። እዚያ ላይ የፊት ነፋስ ወዳጅ አይደለም። ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱት ብዙዎቹ በሌሊት መነሣታቸው ዋና ምክንያቱ የመንገደኛ ቅብብል ቢሆንም፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ስለሚያወፍረው ለክንፉም ለሞተሩም ይበጃል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሙቀቱ እኩል በሆነ ቀን አየሩ እዚያ 5 በመቶ ገደማ የወፈረ ይሆናል።